ደሙ የማን ነው? ከፍትሐ ነገሥት እስከ ዛሬው የወንጀል ሕግ



ባለፈው ወር ከወሎ አንዲት እናት ደውለውልን ነበር። የበኩር ልጃቸው በእርሻ ድንበር ምክንያት በተነሣ ጠብ ተገድሎባቸዋል። ገዳዩ ሸሽቶ ከቆየ በኋላ ሽማግሌዎች በመሐል ገቡ፣ ሸሆቹ ዱዓ አደረጉ፣ የገዳዩ ወገኖች የተቆረጠባቸውን ካሣ ከፈሉ፣ ሁለቱ ቤተሰቦችም ከአንድ ገበታ ቀርበው ታረቁ። ከዓመት በኋላ ግን ገዳዩ ተይዞ ክስ ተመሠረተበት። የእኚህ እናት ሁለተኛ ልጅም በወንድሙ ገዳይ ላይ ቀርቦ እንዲመሰክር መጥሪያ ደረሰው። እናትየዋ በስልክ ያሉን ይህንን ነው፦ «እኛ ለአላህ ብለን ትተናል። ከእንግዲህ ደሙ የማን ነው? የኛ ነው ወይስ የመንግሥት?»

በዕለቱ የሰጠናቸው መልስ አጭርና ያልበሰለ ነበር። «ሕጉ እንደዚያ ነው» ብለን አለፍን። እውነቱን ለመናገር ግን ይህ ጥያቄ በሀገራችን የወንጀል ሕግ ታሪክ ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሄድ ጥያቄ ነው። የዛሬውን ሕግ ከትናንቱ፣ የትናንቱንም ከዱሮው ጋር ስናስተያይ ብዙ ሰው የሚመለከተው የቅጣቱን መክበድና መቅለል ነው። እጅ መቁረጥ ቀረ፣ ግርፋት ቀረ እንላለን። ከዚያ የበለጠው ለውጥ ግን ፍርዱን የሚጠይቀው ማን ነው በሚለው ላይ የደረሰው ለውጥ ነው። የዛሬው ንግግራችን በዚህ ላይ ይሆናል፣ ኢንሻአላህ።

በዱሮው ዘመን የነፍስ ጉዳይ የባለደሙ ነበር። ባለደም ማለት የሟች አባት፣ ወንድም፣ ልጅ፣ በጠቅላላው ወገኑ ነው። ገዳይ ተይዞ ዳኛ ፊት ሲቀርብና ጥፋቱ ሲረጋገጥ ዳኛው ፍርዱን ይናገራል፤ ሆኖም ፍርዱን የሚፈጽመው ወይም የሚተወው ባለደሙ ነበር። ከፈለገ ገዳዩን ተረክቦ ሟች በተገደለበት ዓይነት መሣሪያ ይገድለዋል፤ ከፈለገ የደም ካሣ ይቀበላል፤ ከፈለገም ይምራል። ብዙ ጊዜ ሽማግሌና የሃይማኖት አባት የሚለምኑት በዚህች በመጨረሻዋ ሰዓት ላይ ነበር።

ስለዚህ አሠራር በየአገሩ ሲነገር የኖረ አንድ ታሪክ አለ። አንድ ልጅ ዛፍ ላይ ወጥቶ ሳለ አምልጦት ይወድቅና ከሥር የነበረውን ልጅ ይገድላል። የሟች እናት ካሣም እርቅም አልቀበልም፣ ደም በደም ይመለስልኝ ብላ ትሟገታለች። ዳኛው ብዙ ለምነው እምቢ ስትላቸው «እሺ፣ ፍርድሽ ይፈጸምልሽ። ገዳዩ ከዛፉ ሥር ይቁም፣ ሌላው ልጅሽ ዛፉ ላይ ወጥቶ ይውደቅበትና ይግደለው» ይሏታል። እናትየዋ ካሣውን ተቀብላ ሄደች ይባላል። ታሪኩ በእርግጥ ተፈጽሞ ይሁን አይሁን ሌላ ነገር ነው፤ የሚያሳየን ግን ዳኛው ራሱ ባለደሙን ማዘዝ እንደማይችል፣ የሚችለው በብልሃት መመለስ ብቻ እንደነበረ ነው።

አድማጮቻችን ይህንን ሲሰሙ ቂሷስና ዲያ ትዝ ሳይላቸው አይቀርም። በሱረቱል በቀራ 178ኛው አንቀጽ ስለ ቂሷስ በተነገረበት ቦታ የሟች ባለመብት ይቅር ሊል እንደሚችል፣ ያን ጊዜም ካሣው በመልካም ሁኔታ መጠየቅና በበጎ መከፈል እንዳለበት ተጠቅሷል። መመሳሰሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን አንድ ናቸው ማለት አይደለም። በሸሪዓው የሚጠየቀው ገዳዩ ራሱ ብቻ ሲሆን፣ በብዙ የሀገራችን ክፍሎች በልማድ ሲሠራበት የኖረው ደም የመመለስ ነገር ግን ገዳዩ ካልተገኘ ወንድሙን ወይም የአጎቱን ልጅ እስከ መግደል ይደርስ ነበር። በቂም ምክንያት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረ ደም ስንት ቤት እንዳጠፋ የሚያውቅ ያውቀዋል። በኦሮሞ ጉማ፣ በወሎና በራያ አባጋርና ዘወልድ የሚባሉት የእርቅ ሥርዓቶች፣ በአፋርና በሶማሌ ወገኖቻችን ዘንድ ያለው የጎሳ ካሣ ሁሉ የተበጁት ይህንኑ እሳት ለማጥፋት ነው። በወሎ በእነዚህ ሥርዓቶች ላይ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው ይቀመጣሉ።

እዚህ ላይ «የተጻፈ ሕግ አልነበረም ወይ?» የሚል ይኖራል። ነበረ፤ ፍትሐ ነገሥት ነው። መጽሐፉ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ ኢብኑል ዐሳል በተባለ የቅብጥ ሊቅ በዐረብኛ የተዘጋጀ ሲሆን፣ በኋላ ወደ ግዕዝ ተተርጉሞ በሀገራችን ነገሥታት ችሎት ሲጠቀስ ኖሯል። ሥጋዊ ጉዳዮችን የሚመለከተው ክፍሉ በዘመኑ በግብፅ ይሠራባቸው ከነበሩት የሙስሊም ፊቅህ መጻሕፍት ጭምር የቀሰመ መሆኑን ጥናቶች ይገልጻሉ። ይህም ለብዙዎቻችን አዲስ ነገር ሳይሆን አይቀርም። ሆኖም መጽሐፉ የቤተ ክርስቲያንና የቤተ መንግሥት መጽሐፍ ነበር። ተርጓሚ ሊቅ በሌለበት አውራጃ ገበሬው የሚዳኘው በልማድ ነበር። ሙስሊሙማ ጭራሹን በመጽሐፉ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ሃይማኖትና መንግሥት ባልተለዩበት በዚያ ዘመን እምነት ራሱ በአዋጅ የሚያስቀጣ ሊሆን ይችል እንደነበረ የወሎ ሙስሊሞች በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በደረሰባቸው አይተውታል።

ሌባ አልያዝ ሲልና ገዳይ ሳይታወቅ ሲቀር የሚደረገውም የሚገርም ነበር። ሌባሻይ የሚባለው አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ እንዲሰክር ይደረግና ወገቡ በመቀነት ተይዞ ይለቀቃል። እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳውን ይከፍላል። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ በሚባለው ደግሞ የአገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ወንጀለኛው እስኪነገር ድረስ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ይከለከላል። የቀረ ይቀጣል። ከብቱ ሳይታለብ፣ እህሉ ሳይታጨድ ብዙ ቀን የሚሰነብትበት ጊዜ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽም ነገራቸው እስኪቆረጥ በነጠላቸው ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው አብረው ይውሉ ያድሩ ነበር። ዛሬ «እንደ ቁራኛ ተጣበቀብኝ» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ይህ ሁሉ የሚያሳየው ተበዳዩ ራሱ ከሳሽም፣ ፖሊስም፣ ጠባቂም፣ አንዳንዴም ቅጣት ፈጻሚ እንደነበረ ነው።

ታዲያ በዚህ ሥርዓት የተጎዳው ማን ነበር? ባለደም የሌለው ሰው ነው። ከሩቅ አገር የመጣ ነጋዴ ቢገደል፣ ባሪያ ቢገደል፣ ወገኗን ትታ በባሏ አገር የምትኖር ሴት ብትገደል የሚጮህለት ወይም የሚጮህላት አይገኝም። ጠያቂ ከሌለ ፍርድ የለም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ በዳዩ የተበዳዩ የገዛ ወገን ሲሆን ነው። አባት ወይም ባል ጉዳት ሲያደርስ ባለደሙ ራሱ ደም አፍሳሹ ይሆናል። ይህንን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በነገሡበት ወቅት የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የመጀመሪያው ዘመናዊ የወንጀል ሕግ ይባላል። ከፍትሐ ነገሥትም ከውጭ ሕጎችም የተውጣጣ፣ ግርፋትንም ያላስቀረ ሕግ ነበር። ከእሱ ይልቅ መሠረታዊውን ለውጥ ያመጣው ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. ታውጆ ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ዣን ግራቨን የተባሉ የጄኔቫ የሕግ ምሁር ነበሩ። በዚህ ሕግ ውስጥ ባለደም የሚባል ሰው የለም። ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ቅጣት ፈጻሚው መንግሥት ነው፤ የሟች አባት «የግል ተበዳይ» የሚል ስም ተሰጥቶት ወደ ጎን ተቀምጧል። ከባድ ግድያ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እሥራት፣ ተራ ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ተደነገገ። ይህ የቅጣት መጠን በዛሬውም ሕግ እንዳለ ነው፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም አልተነካም።

ሕጉ ከአውሮፓ ይምጣ እንጂ የሀገሩን ልማድ ጨርሶ አልጣለም። ግርፋት ለከባድ ስርቆትና ለውንብድና ተጨምሮ እንዲገባ ተደርጓል። የሞት ቅጣትም ሕዝብ እያየ በስቅላት ሊፈጸም ይችል ነበር፤ በ1953 ዓ.ም. ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ በአዲስ አበባ በአደባባይ የተሰቀሉት በዚሁ ሕግ ዘመን ነው። ሌላም ለእኛ ቤት የሚነካ ነገር ነበረው። ከአንድ በላይ ማግባትን በወንጀልነት ሲደነግግ፣ በልማድ መሠረት በሕግ ለታወቀ ጋብቻ ግን ይህ እንደማይሠራ በተከታዩ አንቀጽ አስቀምጧል። የዛሬውም ሕግ በ650ኛው አንቀጽ ይከለክልና በ651ኛው በሕግ የታወቁ ሃይማኖታዊና ባህላዊ ልማዶችን ለይቶ ያወጣል። ቃሉ ከ«ልማድ» ወደ «ሃይማኖታዊና ባህላዊ» መስፋቱን ልብ ይሏል።

አንዳንድ አድማጮች «የነፍስ ጉዳይ በቃዲ ቤት ለምን አይታይም?» እያሉ ይጠይቁናል። በ1934ና በ1936 ዓ.ም. በወጡት አዋጆች የቃዲና የናኢባ ፍርድ ቤቶች በሕግ ሲታወቁ የተሰጣቸው ሥልጣን ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ውርስ፣ ስጦታ፣ ወቅፍና ይህን የመሳሰለው ብቻ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅም ከዚህ አልወጣም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ34ኛው አንቀጽ በተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖትና በባህል ሕግ መዳኘትን የፈቀደው ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ ነው። ወንጀል ከዚያ ውጭ ነው። ስለዚህ የወሎዋ እናት ጉዳይ ወደ ቃዲም፣ ወደ ሽማግሌም በሕግ የሚመለስበት መንገድ የለውም።

በሌላ ሀገር ግን ሌላ መንገድ ተሞክሮ ነበር። የኦቶማን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1858 የፈረንሳይን ሕግ ተከትሎ የወንጀል ሕግ ሲያወጣ፣ የመንግሥት ቅጣት የግለሰብን ሸሪዓዊ መብት እንደማያስቀር በመጀመሪያው አንቀጹ ላይ ደነገገ። ስለዚህ መንግሥት ገዳዩን ቢቀጣም የሟች ወራሾች በቃዲ ፊት ቀርበው ደማቸውን ወይም ዲያቸውን መጠየቅ ይችሉ ነበር። ሁለት በር ማለት ነው። የእኛ ሀገር የ1949 ሕግ አንድ በር ብቻ ተወ፤ ለባለደሙ ደግሞ አንዲት መስኮት አበጀለት። የግል ተበዳይ የካሣ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ ማቅረብ ይችላል፤ የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በ154ኛው አንቀጽ ይህንን ዘርዝሯል። መስኮቷ ግን ጠባብ ናት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2116ኛው አንቀጽ ለኅሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። በዚያን ጊዜ 1,000 ብር ብዙ ከብት ይገዛ ነበር፤ ዛሬ የሐዘን ድንኳን ኪራይ እንኳ አይሸፍንም። ሰው ወደ ሽማግሌ የሚሄደው ሕግ ስለማያውቅ ብቻ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

መንግሥት ደሙን ከባለደሙ እጅ ከወሰደ በኋላ መንግሥት ራሱ ደም ቢያፈስስ? ይህ ጥያቄ በደርግ ዘመን በተግባር መጣ። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ፤ በዚያው ወር፣ ኅዳር 14፣ ስልሳ የሚሆኑ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። በቀይ ሽብር ጊዜም ልጇ የተገደለባት እናት እንዳታለቅስ የተከለከለችበት፣ አስከሬኑን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቀችበት ሁኔታ ነበር። በዱሮው ልማድ ገዳይ ለባለደም ይከፍላል፤ በዚያ ዘመን ባለደም ለገዳይ ከፈለ። ከዚህ የከፋ የሕግ መገልበጥ በታሪካችን ውስጥ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

የሚገርመው፣ ደርግን በኋላ ለፍርድ ያቀረበው ያው የ1949 ሕግ ነው። በ281ኛው አንቀጹ ስለ ዘር ማጥፋት ሲደነግግ የፖለቲካ ቡድኖችንም አካትቶ ስለነበር፣ በ1987 ዓ.ም. የተጀመረው ክስ በእሱ ላይ ተመሠረተ። በ2000 ዓ.ም. በይግባኝ የሞት ፍርድ ተሰጠ። ከዚያም የክርስቲያንና የሙስሊም የሃይማኖት መሪዎች ተባብረው የይቅርታ ጥረት አደረጉ፤ በ2003 ዓ.ም. የሞቱ ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እሥራት ተለወጠ፣ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይም ብዙዎቹ 20 ዓመት ስለፈጸሙ በአመክሮ ተፈቱ። በወቅቱ ጉዳዩ በየቤቱ አነጋግሯል። ሽምግልናው የተላከው ወደ መንግሥት ነበር፤ ልጇን ያጣች እናት ቤት ግን ማን ሄደ? ይህን የምንለው የሃይማኖት መሪዎቹን ጥረት ለማቃለል አይደለም። የወሎዋ እናት ጥያቄ እዚያም ላይ ስለቆመ ነው።

አሁን ወደ ዛሬው ሕግ እንምጣ። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ይህ ሕግ ስሙ ራሱ ተለውጧል። የቀደመው «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» ነበር፤ ይህኛው «የወንጀል ሕግ» ይባላል። ግርፋት ወጥቷል። የሞት ቅጣት አለ፤ ነገር ግን በአደባባይ በስቅላት እንዳይፈጸም በ117ኛው አንቀጽ ተከልክሏል። ሌሎች ብዙ አዳዲስ ወንጀሎችም ገብተዋል፤ የኮምፒዩተሩን የመሰሉት በኋላ በ2008 ዓ.ም. ራሱን በቻለ አዋጅ ስለወጡ እዚህ አንዘረዝራቸውም።

ትልቁ ለውጥ ያለው በሴቶች ጉዳይ ላይ ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ነጥብ እዚህ ይመጣል። በ1949ኙ ሕግ ሴትን መጥለፍ ወንጀል ነበር፤ ቅጣቱ ከ3 ዓመት የማይበልጥ ጽኑ እሥራት ነበር። ነገር ግን ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባና ጋብቻው ካልፈረሰ ክሱ ይቀራል። አስገድዶ የደፈረም ሰው በጋብቻ ከክስ ያመልጥ ነበር። ሕጉ «በፈቃዷ ካገባችው» ይላል። ልጅቱ ግን ከተጠለፈች በኋላ ፈቃዷን የሚጠይቃት ማን ነው? ሽማግሌ ይላካል፣ አባት ጥሎሽና ካሣ ይቀበላል፣ «ከእንግዲህ ማን ያገባታል» ይባላል፣ ኒካሕ ይታሰራል ወይም ሠርግ ይደገሳል፤ ነገሩ አለቀ። ተበዳይ የተባለው አባቷ እንጂ እሷ አልነበረችም። በእኛም ወገን ይህ አልተደረገም ብለን ራሳችንን አናታልል። የኒካሕ መሠረቱ ስምምነት መሆኑን እያወቅን፣ ተጠልፋ ለመጣች ልጅ ኒካሕ ያሰርን ሰዎች አለን።

በ1989 ዓ.ም. በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ፣ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ገደለችው። ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፤ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ ነፃ ወጣች። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ2014 «ድፍረት» በሚል ፊልም ወጥቷል። ነገሩ በሀገሩ ሁሉ ያነጋገረው፣ በሕጉ በኩል ጠላፊው በሽማግሌ ሊጨርሰው የሚችለውን ጉዳይ እሷ በነፍስ ግድያ ልትጠየቅበት መቻሏ ነው።

የ1996ቱ ሕግ ይህን በር ዘጋው። በ587ኛው አንቀጽ ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል፤ ከጠለፋ በኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከኃላፊነት አያድንም። አስገድዶ መድፈር በቀድሞው ሕግ ከ10 ዓመት የማይበልጥ ነበር፤ በዛሬው 620ኛ አንቀጽ መነሻው 5፣ መድረሻው 15 ዓመት ሆኗል፤ ዕድሜዋ ለጋ ከሆነም ይጨምራል። ያለ ዕድሜ ጋብቻ በ648ኛው፣ የሴት ልጅ ግርዛት በ565ኛው አንቀጽ በየራሳቸው ወንጀል ተደርገዋል። በአንዳንድ አካባቢዎቻችን የሚደረገው የመስፋት ግርዛት ደግሞ በ566ኛው አንቀጽ ከ3 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስከትላል። በቀድሞው ሕግ ይህ በስሙ አልተጠራም ነበር። እንግዲህ አስተውሉ፤ ስትገረዝ ወይም በልጅነቷ ስትዳር በዳዩዋ የገዛ ቤቷ ነው። ባለደሟ ራሱ ምላጩን ያስያዘው ሰው ነው። «ጉዳዩ የወገን ነው፣ መንግሥት ምን አገባው» ብንል ለዚህች ልጅ ማን ይናገርላታል? ደሙን መንግሥት መውሰዱ ለእሷ ቅሚያ አይደለም፤ ብቸኛ ባለደም ማግኘት ነው።

በዚህ መንገድ ስናየው ከሁለቱ ሥርዓቶች አንዱን ሙሉ በሙሉ ማመስገን ይከብዳል። ወገን ያለው ሰው በአዲሱ ሕግ አንድ ነገር አጥቷል፤ የመማር መብቱን፣ ዓይን ለዓይን ተያይቶ መታረቁን፣ ወግ ያለው ካሣን። ወገን የሌለው፣ ወይም ወገኑ የከዳው ሰው ደግሞ በዱሮው ሕግ ምንም አልነበረውም፤ በአዲሱ ቢያንስ መዝገብ ይከፈትለታል። በእኔ በኩል፣ ከሁለት አንዱን ምረጥ ብባል ለሁለተኛው ሰው የሚቆመውን ሕግ እመርጣለሁ። ይሁን እንጂ የመጀመሪያውን ሰው መጥሪያ ልኮ ከማስመስከር በቀር የማያውቀው ሥርዓት ሰዎችን ከፍርድ ቤት እንደሚያሸሽ፣ ምስክሮችም «አላየሁም፣ አልሰማሁም» እንዲሉ እንደሚያደርግ ማወቅ ይገባል። ታርቆ፣ ዱዓ ተደርጎለት፣ የቀድሞ ደመኛውን ወንድሜ ያለ ሰው ተመልሶ በእሱ ላይ ይመስክር ሲባል የሚገባበት ጭንቀት ቀላል አይደለም። መስክሮ እርቁ ቢፈርስ ቂሙ ያገረሻል፤ ሐሰት ተናግሮ ቢያልፍ በአላህም በሕግም ፊት ይጠየቃል።

ስለዚህ ለወሎዋ እናት በድጋሚ ደውለን የነገርናቸው ይህንን ነው። ክሱን እርስዎም፣ ሽማግሌዎቹም ማስቆም አትችሉም፤ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱት እንደ ስድብና እንደ ዝሙት ያሉት ናቸው እንጂ የነፍስ ጉዳይ ከእነዚያ አይደለም። ልጅዎ ቀርቦ ያየውን በእውነት ይመስክር፤ ያላየውን አይጨምር። እርቁን ግን መደበቅ አያስፈልግም። የወንጀል ሕጉ በ82ኛው አንቀጽ ጥፋተኛው ከልቡ ተጸጽቶ እንደሆነ፣ ተበዳዩን ረድቶና ጉዳቱን ክሶ እንደሆነ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን የሚያቀልበት ምክንያት አድርጎ እንዲመለከተው ይፈቅዳል። ሽማግሌዎቹ እርቁን በጽሑፍ አድርገው፣ የተከፈለውን ካሣ ገልጸው፣ ሁለቱም ወገኖች ከምስክሮች ጋር ፈርመውበት ለፍርድ ቤቱ ይቅረብ፤ አንዱ ቅጂ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ። ቅጣት ከመወሰኑ በፊት ዳኛው እንዲያየው ያድርጉ፤ ከውሳኔ በኋላ የሚቀርብ ወረቀት ብዙ አይረዳም።

እናትየዋ አዳምጠው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን። የእርቁ ቀን የተጻፈ ወረቀት አልነበረም፤ ሁሉም በቃል ነው ያለቀው። «አሁን ቢጻፍ ይቀበሉናል?» አሉ። ሽማግሌዎቹ በሕይወት ካሉ ቀኑን በትክክል ጠቅሰው ይጻፉ፣ ካስፈለገም ራሳቸው ቀርበው ያስረዱ አልናቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ባለፈው ረመዳን አርፈዋል፣ ሁለቱ ግን አሉ አሉን። ቀጠሮው በሚቀጥለው ወር ነው።